አንድ ማነቂያ፣ ብዙ ውሳኔ

እ.ኤ.አ. በ2009 በተካሄደው የብራዚል ጁጂትሱ የዓለም ሻምፒዮና ሮጀር ግሬሲ በራሱ ክብደትም፣ ክብደት በማይለይበት ክፍት ምድብም የጥቁር ቀበቶዎች አሸናፊ ሆነ። ተመልካቹን ያስገረመው ማሸነፉ ብቻ አልነበረም። ተጋጣሚዎቹን ተራ በተራ እጅ ያሰጣቸው በዚያው በአንዱ ማነቂያ ነው፤ ደረታቸው ላይ ይወጣል፣ አንድ እጁን ኮሌታቸው ውስጥ ጠለቅ አድርጎ ያስገባል፣ ሁለተኛውን ያስከትላል፣ ያጠብቃል። ይህ ማነቂያ ጁጂትሱ የጀመረ ሰው በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚማረው ነው። የዓለም ምርጥ የተባሉት ሰዎች እንደሚመጣባቸው ያውቁ ነበር፤ ሊያስቀሩት ግን አልቻሉም።

ይህን ታሪክ ሁለት ሰዎች ሲያነሡት የተለያየ ትምህርት ያወጡበታል። ሁለቱም ኢትዮጵያውያን ናቸው፤ በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት፣ የሐበሻ ምግብ ቤትና ሱቅ ከበዛባት ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም በማይርቅ አንድ ትንሽ ጂም ማታ ማታ ያሠለጥናሉ። መምህሩ አምሳን የተሻገሩ፣ ቡናማ ቀበቶ የታጠቁ ሰው ናቸው። ረዳታቸው ሐምራዊ ቀበቶ ያላት ወጣት ስትሆን፣ የቀን ሥራዋ በሆስፒታል የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍል ነርስነት ነው። ክርክራቸው የሚነሣው ሠልጣኞቹ ከሄዱ በኋላ፣ የመታገያውን ምንጣፍ፣ ማቱን፣ ሲወለውሉ ነው። ጉዳዩም አንድ ነው፤ ትግሉ ለጀማሪ እንዳይወሳሰብበት ምኑን እንቀንስለት?

መምህሩ፦ እኔ ከሮጀር የተማርኩት ጥቂት ነገር ይዞ እሱኑ ማጥራትን ነው። እዚህ የሚመጣው ልጅ ቀን ስልኩ ላይ አሥር ቴክኒክ ሲያይ ይውላል። ማታ መጥቶ አሥሩንም ይሞክራል፤ አንዱም አይሆንለትም። ስለዚህ ለጀማሪ ከላይ ሲሆን ሁለት፣ ከታች ሲሆን ሁለት እሰጠውና «ለጊዜው ይበቃሃል» እለዋለሁ።

ረዳቷ፦ ጋሼ፣ መቀነሱ ላይ አልከራከርዎትም። ግን ልጆቻችን እኮ ያቺን ማነቂያ ያውቋታል። እጃችሁን የት ታስገባላችሁ ቢሏቸው ቁልጭ አድርገው ይነግሩዎታል። ሲታገሉ ግን በሷ ያነቀ ሰው አይተው ያውቃሉ?

መምህሩ፦ አልደጋገሟትማ።

ረዳቷ፦ ደጋግመዋታል እንጂ! ሦስት ሳምንት ሙሉ ደጋግመዋታል፤ ዝም ብሎ በተኛ ሰው ላይ።

ረዳቷ የነካችው የብዙ ጂሞችን ልማድ ነው። አሠልጣኙ የዕለቱን ቴክኒክ ከፋፍሎ ያሳያል፤ ሠልጣኞቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው እየተፈራረቁ ይደጋግሙታል፤ በመጨረሻ እውነተኛው ትግል ይመጣል። ችግሩ ያለው መካከለኛው ክፍል ላይ ነው። ተባባሪ ጓደኛ ተዘርግቶ ኮሌታውን ሲሰጥ፣ እጅ መቼ እንደሚገባ ተወስኗል፤ የትኛው እጅ እንደሚቀድም ተወስኗል፤ የተኛው ሰው ምን እንደሚያደርግም ተወስኗል። ለሠልጣኙ የቀረው እጁን ማንቀሳቀስ ብቻ ነው። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ትግል ሲጀመር ደግሞ ያልተወሰነው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይወርድበታል።

ረዳቷ መወልወያውን ግድግዳው ላይ አስደግፋ «እስቲ ይተኙልኝ» አለች። መምህሩ በጀርባቸው ተኙ። ማውንት በሚባለው ቦታ፣ ሆዳቸውን አልፋ ደረታቸው ላይ ወጣችና ሁለት ጉልበቶቿን ብብታቸው ሥር አጣበቀች። በግራ እጇ የቀኝ ኮሌታቸውን ገለጥ አደረገች፤ ቀኝ እጇን አሻግራ፣ አራት ጣቶቿን ወደ ውስጥ አውራ ጣቷን ወደ ውጭ አድርጋ ሰደደች። አልቸኮለችም። የጣቶቿ ጫፍ ማጅራታቸው ጋ እስኪደርስ ድረስ በጥቂት በጥቂቱ ገፋች።

«አሁን ምን ያደርጋሉ?»

መምህሩ ሁለት እጃቸውን አንሥተው አንጓዋን ያዙ። ክርናቸው ከጎድናቸው ሲለቅ ጉልበቷ ወዲያው ወደ ላይ ዘለቀ፤ ክንዳቸው ለመቆለፍ ተጋለጠ። እጃቸውን መልሰው ክርናቸውን ሲሰበስቡ ሁለተኛው እጇ ከመጀመሪያው ሥር ገባ። ወደ ጎን ለመዞር ሲሞክሩ ጀርባቸው ተገለጠላት። ክንዷን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጉ፤ ጁጂትሱ ውስጥ እጅ ሰጠሁ ማለት ነው።

ረዳቷ፦ አዩት? የመጀመሪያው እጅ ከገባ በኋላ እርስዎ ሦስት መልስ አለዎት፤ ሦስቱም ያስከፍልዎታል። እኔ ሦስቱን ብቻ ነው የምጠብቀው። የሮጀር ጥበብ እዚህ ላይ ነው፤ የተጋጣሚውን ምርጫ እያጠበበ ይሄዳል።

መምህሩ፦ እኔስ ምን አልኩ? ያቺን እጅ አጥርቶ ስለሚያውቃት ነው እኮ ምርጫ የሚያሳጣቸው።

ረዳቷ፦ ያቺን እጅ ብቻ አይደለም የሚያውቀው። ሰውየው ክርኑን ሊያነሣ ሲል ገና በጭኑ ይሰማዋል። ያንን ከተኛ ሰው ላይ ማንም አይማረውም።

ጥቂት መያዝ እንደሚረዳ ከጁጂትሱ ውጭም ማስረጃ አለ። እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዊሊያም ሂክ እ.ኤ.አ. በ1952 ባሳተመው ጥናት፣ ሰዎች መብራት ሲበራ ተዛማጁን ቁልፍ እንዲጫኑ እያደረገ ፍጥነታቸውን ለካ። መብራቶቹ ሲበዙ ሰዎቹ ዘገዩ፤ አማራጩ በእጥፍ ባደገ ቁጥር ለመልስ የሚፈጀው ጊዜ በተቀራራቢ መጠን ይጨምር ነበር። በዓመቱ አሜሪካዊው ሬይ ሃይማን ወደ ተመሳሳይ ውጤት ደረሰ። ማት ላይ የሰከንድ ቁራጭ ብዙ ነው፤ ክርን ከጎድን የሚለቅበት ቅጽበት ካመለጠ አመለጠ። መምህሩ ይህን ጥናት ይወዱታል።

መምህሩ፦ ይኸው! አራት ነገር የሚያውቀው ልጅ አሥራ ስድስት ከሚያውቀው ይፈጥናል።

ረዳቷ፦ ሂክ እኮ መብራቱን ያበራላቸው ነበር፣ ጋሼ። ለኛ ልጆች ማን ያበራላቸዋል? «አሁን ነው» የሚለውን ራሳቸው ማየት አለባቸው። ከብዷቸው የማየው እሱ ነው።

ይህን የምትለው ከሥራዋም ተነሥታ ነው። ጋሪ ክላይን የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የእሳት አደጋ አዛዦች በጭንቅ ሰዓት እንዴት እንደሚወስኑ አጥንቷል። ቢያንስ ሁለት አማራጭ ያወዳድራሉ ብሎ ጠብቆ ነበር። አዛዦቹ ግን የምናወዳድረው ነገር የለም አሉት። እሳቱን ሲያዩት ምን ዓይነት እንደሆነ ያውቁታል፤ የሚሠራው እርምጃም አብሮ ይታያቸዋል። ክላይንና የሥራ ባልደረባው ቤዝ ክራንዳል ደግሞ የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ነርሶችን አጠኑ። ልምድ ያላቸው ነርሶች የላቦራቶሪው ውጤት ከመምጣቱ በፊት ኢንፌክሽን የጀመረውን ሕፃን ይለዩት ነበር።

ረዳቷ፦ እኔ ሥራ ስጀምር ሞኒተር ሞኒተሩን ነበር የማየው። አንጋፋዋ ነርስ ትመጣና ሕፃኑን ታየዋለች። ቆዳው ገርጣ ብሏል፤ ሆዱ ትንሽ ነፋ ብሏል፤ ትናንት ሲጠባ የነበረው ዛሬ ሰንፏል። እያንዳንዱ ለብቻው ምንም አይመስልም። እሷ ግን አንድ ላይ ነው የምታየው። «ሐኪሙን ጥሪ» ትለኛለች፤ እጠራለሁ።

መምህሩ፦ ያቺ ሴትዮ ስንት ዓመት ሠርታለች?

ረዳቷ፦ ከሃያ ዓመት በላይ።

መምህሩ፦ እንግዲህ! የኛ ልጆች በሳምንት ሁለት ማታ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ነው የሚመጡት። ግማሹ ከሥራ እየሮጠ ነው የሚደርሰው። ሃያ ዓመት ከየት ላምጣላቸው?

የመምህሩ ጥያቄ የዋዛ አይደለም። ዓይን የሚከፈተው በልምድ ከሆነ፣ ጊዜ የሌለው ሰው ምን ይሁን? የጠቢብ አሠልጣኝ ሥራ የሚለየው እዚህ ላይ ይመስላል፤ ዓመታትን መስጠት ባይችልም፣ በዓመታት ውስጥ ተበታትኖ የሚመጣውን ሁኔታ በአንድ ማታ አሰባስቦ ማቅረብ ይችላል።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚገኘው ከቼዝ ነው። የቼዝ ተጫዋቹ ጆሽ ዌይትዝኪን እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተመው መጽሐፍ ልጅ ሳለ ኒውዮርክ ውስጥ እንዴት እንደተማረ ይተርካል። መምህሩ ብሩስ ፓንዶልፊኒ፣ ሌሎች ልጆች እንደሚማሩት የጨዋታ መክፈቻዎችን በማስጠናት አልጀመረም። ሰሌዳውን አራቁቶ ሦስት ጠጠር ብቻ አስቀረ፤ በአንድ ወገን ንጉሥና ወታደር፣ በሌላው ንጉሥ ብቻ። ልጁ በዚያ ባዶ ሰሌዳ ላይ ንጉሥ ምን ያህል ጉልበት እንዳለው፣ ባዶ ቦታ ራሱ መሣሪያ እንደሚሆን ተማረ፤ ጠጠሩ ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ተጨመረለት። ዌይትዝኪን አድጎ ጁጂትሱ ገባ፤ ጥቁር ቀበቶውን ከሻምፒዮኑ ከማርሴሎ ጋርሲያ ተቀበለ፤ በኒውዮርኩ የጋርሲያ ትምህርት ቤትም ሸሪክ ሆነ።

በዚያ ሰሌዳ ላይ የተቀነሰው ጠጠሩ ነው። ባላጋራው እዚያው ተቀምጧል፤ እሱም ማሸነፍ ይፈልጋል። ጂሞች ለጀማሪ እናቅልል ሲሉ የሚያደርጉት የዚህን ግልባጭ ነው፤ እንቅስቃሴዎቹን በሙሉ እንዳሉ ትተው ባላጋራውን ያስነሣሉ።

ረዳቷ፦ እኔም የምለው ይኸንኑ ነው። የመጀመሪያው እጅ ከገባ በኋላ እንጀምር። የላይኛው ሰው ሥራው አንድ ነው፤ ሁለተኛውን እጅ ማስገባት። የታችኛውም ሥራው አንድ ነው፤ ክርኑን ከጉልበቱ ጋር አገናኝቶ መውጣት። አንድ ደቂቃ ይታገላሉ፤ ይቀያየራሉ። ሌላ የሚያስቡት ነገር የለም። ነጻ ትግል ላይ በስንት ሳምንት አንዴ የሚያገኟትን ቅጽበት በአንድ ማታ ደግመው ደጋግመው ያገኟታል።

መምህሩ፦ ሳያጠሯት ይታገሉባት? የተበላሸውን ነው ደጋግመው የሚያጠነክሩት።

ረዳቷ፦ ትክክለኛው መንገድ አንድ ብቻ ነው ብለን ስለምናስብ እኮ ነው የተበላሸ የምንለው።

በዚህ ነጥብ ላይ ረዳቷ የምትጠቅሰው ሶቪየታዊው ሳይንቲስት ኒኮላይ በርንስታይን ነው። በርንስታይን እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ሞስኮ በነበረው ማዕከላዊ የሥራ ተቋም ውስጥ መሮ በመዶሻ የሚመቱ ሠራተኞችን እየቀረጸ የክንዳቸውን እንቅስቃሴ ነጥብ በነጥብ ተከተለ። የሠለጠነ እጅ ሁልጊዜ አንድ መንገድ ይሄዳል ብሎ መጠበቅ ያስኬድ ነበር። ቀረጻው ያሳየው ሌላ ነው፤ መዶሻው ሁሌ እዚያው ያርፋል፤ ትከሻው፣ ክርኑና አንጓው ግን በየምቱ ይለያያሉ። አንዱ መገጣጠሚያ ሲያጥር ሌላው ያሟላለታል። በርንስታይን ከዚህ ተነሥቶ፣ ጥሩ ልምምድ ችግሩን የመፍታቱን ሥራ ደጋግሞ መሥራት እንጂ አንዴ የተገኘን መፍትሔ መቅዳት አይደለም ወደሚል ሐሳብ ደረሰ።

መምህሩ፦ እኔ በዓይኔ የማየውስ? ድግግሞሹ መጨረሻ ላይ እጃቸው ሲፈታ፣ ሲቀላጠፉ አያለሁ። ራሳቸውም ደስ ብሏቸው ነው የሚሄዱት።

ረዳቷ፦ እውነት ነው፣ ይቀላጠፋሉ። ሐሙስ ሲመጡስ?

መምህሩ፦ ሐሙስ ሲመጡ እንደ አዲስ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1979 ጆን ሺ እና ሮቢን ሞርጋን ያሳተሙት ጥናት የመምህሩን ሐሙስ ያብራራዋል። ተማሪዎች ትንንሽ የእንጨት መሰናክሎችን በተለያየ ቅደም ተከተል በፍጥነት መጣል ነበረባቸው። አንደኛው ቡድን አንዱን ቅደም ተከተል ጨርሶ ወደሚቀጥለው አለፈ፤ ሁለተኛው ቡድን ሦስቱንም እያቀላቀለ ተለማመደ። በልምምዱ ጊዜ አንደኛው ፈጣን ነበር። ከአሥር ቀን በኋላ ሲፈተኑ የተሻለ ያስታወሰው፣ ለአዲስ ቅደም ተከተልም የተሻለ የተዘጋጀው ሁለተኛው ሆነ። በልምምድ ሰዓት የሚታየው ቅልጥፍና አሠልጣኙንም ሠልጣኙንም ያታልላል ማለት ነው። ሥራቸውን የሚወዱ ብዙ ጎበዝ አሠልጣኞች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ዓይናቸው ሐሰት አላየም፤ ያየው ግን ማክሰኞን ብቻ ነው።

ረዳቷ ክርክሯን የምታጠናክርበት ሌላ ሰው ሲልቨር ስፕሪንግ ባለችበት በሞንትጎመሪ ካውንቲ ይገኛል። ሮክቪል ውስጥ የሚያሠለጥነው ግሬግ ሳውደርስ የዕለቱን ቴክኒክ አሳይቶ የማስደጋገምን ልማድ ጨርሶ ትቷል። ለጥንዶቹ ግብ ይሰጣቸዋል፣ ክልክሉን ይነግራቸዋል፣ ያታግላቸዋል። ከበስተጀርባው ያለው ሐሳብ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጄምስ ጊብሰን ስለ ማየትና ስለ መንቀሳቀስ ካስተማረው፣ እንዲሁም ካርል ኒውዌል እ.ኤ.አ. በ1986 ካቀረበው የመጣ ነው፤ እንደ ኒውዌል አባባል እንቅስቃሴን የሚቀርጹት የሰውየው አቅም፣ ያለበት አካባቢና የተሰጠው ተግባር ናቸው። የሳውደርስ አቋም የጁጂትሱ አሠልጣኞችን ክፉኛ ከፋፍሏል። መምህሩ ከተቃዋሚዎቹ ወገን ናቸው።

መምህሩ፦ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ልጄ። ካኖ ጁዶን የመሠረተው በፈረንጆች 1882 ነው። የጁዶ ሰው የሆነው ማኤዳ ብራዚል የደረሰው በ1914 ነው። ካርሎስ ግሬሲ ከሱ ተማረ፤ ለወንድሞቹ አስተላለፈ። በ1951 ሪዮ፣ ማራካና ስታዲየም ውስጥ ጁዶ ታጋዩ ኪሙራ የካርሎስን ወንድም የኤልዮን ክንድ ጠምዝዞ ሰበረው፤ ኤልዮ ግን እጅ አልሰጥም ብሎ ካርሎስ ነው ትግሉን ያስቆመው። ዛሬ ያንን ቁልፍ በማን ስም ነው የምንጠራው?

ረዳቷ፦ በኪሙራ።

መምህሩ፦ በአሸናፊው ስም! በተሰበረ ክንድ የተገዛ እውቀት ነው ይሄ። እና ልጁ ማክሰኞ ማታ በራሱ ይፈልስፈው ትይኛለሽ?

ረዳቷ፦ አልልም። ግን እኮ እርስዎ ያን ሁሉ ዘመን በሃያ ደቂቃ ሊያወርሱት ይፈልጋሉ።

መምህሩ፦ ተረከዝ ጠምዛዡንስ? እሱንም በጨዋታ ይፈልገው?

ይህ የመምህሩ ጠንካራ ምሽግ ነው። ሂል ሁክ በሚባለው ቁልፍ ተረከዝ ሲጠመዘዝ የሚጎዳው ጉልበት ነው፤ ሕመሙ በቅጡ ሳይሰማ ጅማት ሊበጠስ ይችላል። ዓለም አቀፉ የብራዚል ጁጂትሱ ፌዴሬሽን ይህን ቁልፍ ለረጅም ጊዜ ከልክሎ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ የፈቀደው ጊ የሚባለው የትግል ልብስ ሳይለበስ በሚደረግ ውድድር፣ ያውም ለአዋቂ ቡናማና ጥቁር ቀበቶዎች ነው። ሰው ጉልበቱና አንገቱ ላይ ሙከራ እንዲደረግበት መተው የማይቻልባቸው ነገሮች አሉ፤ መቼ መልቀቅ እንደሚገባ፣ መቼ ማት መምታት እንደሚገባ በቀጥታ መነገር አለበት። ረዳቷም በዚህ አትከራከርም።

መምህሩ ሌላም ምስክር አላቸው፤ ጆን ዳናኸር። ኒውዚላንድ ያደገው ዳናኸር ኒውዮርክ የመጣው ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ሊማር ነበር። ማንሃተን በሚገኘው የሬንዞ ግሬሲ ትምህርት ቤት ምድር ቤት ውስጥ ማስተማር ጀመረና እንደነ ጎርደን ራያን ያሉ ሻምፒዮኖች አፈራ። ሲያስተምር ዝርዝር በዝርዝር ነው፤ አንዲት አያያዝ ላይ ረጅም ጊዜ ይቆያል።

መምህሩ፦ ዳናኸር ሲናገር ሰምተሽዋል። ከሱ በላይ የሚዘረዝር ሰው አለ? ተማሪዎቹ ደግሞ ሁሉን አሸነፉ። ዝርዝር የሚያወሳስብ ቢሆን ኖሮ እነሱ በተወሳሰቡ ነበር።

ረዳቷ ለዚህ ቶሎ መልስ አልነበራትም፤ ሊኖራትም አይገባም፤ ምስክሩ ከባድ ነው። ግን የዳናኸርን የእግር ቁልፎች ቀረብ ብሎ ላየ ሰው አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል። የእግር ቁልፍ ከሱ በፊትም ነበር። ብዙ ሰው ግን እግር ያዝ አድርጎ ወደ ኋላ ይወድቅና ይጠመዝዛል፤ ከሆነ ሆነ፣ ካልሆነ ከታች ይቀራል። ዳናኸር አበክሮ ያስተማረው ቅደም ተከተሉን ነው። በመጀመሪያ የተጋጣሚው ዳሌ ይታሰር፣ እግሩ ማምለጫ ይጣ፤ መጠምዘዝ ከዚያ በኋላ። ያ ሁሉ ዝርዝር የተንጠለጠለው «እግሩ ታስሯል ወይስ አልታሰረም?» በሚል አንድ ጥያቄ ላይ ነው። በትግሉ መሐል ተማሪው ራሱን የሚጠይቀው ይህን ብቻ ነው፤ ዝርዝሩ ጥያቄውን ለመመለስ ያገለግለዋል።

ረዳቷ፦ እንግዲያው ሁለታችንም የተስማማንበት ይመስለኛል። ዝርዝሩ ይኑር፤ ግን ከጥያቄው በፊት አይምጣ።

መምህሩ፦ እሱን ስትይኝ ያ አዲሱ ልጅ ትዝ አለኝ።

አዲሱ ልጅ ገና ነጭ ቀበቶ ነው። በዚያው ሳምንት በማውንት ተይዞ ሲጨነቅ ዙሪያውን የቆሙት ሁሉ ይመክሩት ነበር። አንዱ «ድልድይ ሥራ!» ይላል፤ ሌላው «አንጓውን ያዝ!» ይላል፤ ሦስተኛው «እግሩን አጥምድ!»፤ አራተኛው «ወደ ግራ ዙር!»። ሁሉም ትክክል ነበር። ልጁ ግን ደርቆ ቀረ፤ ዓይኑ ከተናጋሪ ወደ ተናጋሪ ሲዞር ተጋጣሚው ክንዱን ወሰደው። በሚቀጥለው ዙር መምህሩ ሁሉንም ዝም አሰኙና ተንበርክከው ሦስት ቃል ብቻ ተናገሩ፤ «ክርንህ የት ነው?» ልጁ ክርኑን ፈለገ፤ ከጎድኑ ርቆ ነበር። ሰበሰበው። ከዚያ ጉልበቱን ወደ ክርኑ አመጣ፤ ማንም ሳይነግረው ዳሌውን አሸሸ፤ አንድ እግሩ በመሐል ገባ።

ረዳቷ፦ ያን ማታ እኮ እርስዎ ያደረጉት እኔ የምለውን ነው።

መምህሩ፦ ክርኑን መሰብሰብ እንዳለበት ግን ቀድሜ አስተምሬዋለሁ።

ረዳቷ፦ አስተምረውታል። እንዲያየው ያደረጉት ግን ጥያቄው ነው።

የነጥብ አሰጣጡም በዚሁ መንገድ ሊረዳ ይችላል። በፌዴሬሽኑ ሕግ ጥሎ መውረድ፣ ከታች ሆኖ መገልበጥና ጉልበትን ሆድ ላይ ማሳረፍ 2 ነጥብ ያስገኛሉ፤ የተጋጣሚን እግሮች አልፎ መቆጣጠር 3፤ ማውንትና ጀርባ መያዝ 4። ቦታው ለሦስት ሰከንድ መያዝ አለበት። መምህሩ ይህን ለጀማሪ እንደ ካርታ ይሰጡታል፤ የት እንዳለህና ቀጥሎ ወዴት መሄድ እንዳለብህ ቁጥሩ ይነግርሃል ይላሉ። ረዳቷ ካርታውን ትቀበላለች፤ የነጭ ቀበቶ ግጥሚያ አምስት ደቂቃ ብቻ ስለሆነ ልጆቹ ሁለት ነጥብ ይዘው መደበቅ እንዳይለምዱ ግን ትሰጋለች።

ማርሴሎ ጋርሲያን በተመለከተ ሁለቱም አይለያዩም። አቡ ዳቢ ላይ የተጀመረውን የኤዲሲሲ ሻምፒዮና በ77 ኪሎ ምድብ አራት ጊዜ ያሸነፈው ጋርሲያ፣ የዕለት ተዕለት የልምምድ ትግሎቹን እየቀረጸ በኢንተርኔት ለከፈለ ሁሉ፣ ለተፎካካሪዎቹም ጭምር ክፍት አድርጎ ነበር። ሚስጥር ቢኖረው የሚያደርገው አልነበረም። የተጋጣሚውን ክንድ እየሳበ ጀርባ እንደሚወጣ፣ ጀርባ ከወጣም በባዶ ክንዱ አንገት እንደሚያንቅ ሁሉም ያውቃል። ማወቁ ብቻውን ያላዳናቸው፣ የሚወስኑበትን ጊዜ ስለማይሰጣቸው ነው፤ የመጀመሪያውን ጉተታ ሲከላከሉ ሁለተኛው ደርሷል።

ማቱ ደርቋል። ወንበር ላይ ተቀምጠው የማክሰኞን ትምህርት ያወጣሉ።

መምህሩ፦ እሺ፣ ያንቺ ጨዋታ ይሁን። መጀመሪያ ግን እኔ አሳያቸዋለሁ።

ረዳቷ፦ መጀመሪያ ሁለት ዙር ይታገሉ፣ ጋሼ። ሁለተኛው እጅ አልገባ ሲላቸው ያኔ ያሳዩአቸው። ጥያቄ ይዘው ነው የሚያዩዎት።

መምህሩ፦ አንገት ነው የሚይዙት። መቼ እንደሚለቁ፣ መቼ ማት እንደሚመቱ ሳልነግራቸው አላስጀምርም።

ረዳቷ፦ እሱ ከዙሩ በፊት ይሁን። የእጁ አገባብ በኋላ።

መምህሩ፦ አሥር ደቂቃ እፈልጋለሁ።

ረዳቷ፦ አምስት።

መምህሩ፦ አምስት። ያ መቶ ኪሎውንስ ከማን ጋር ታገጥሚዋለሽ? ደረቷ ላይ ከወጣባት ያቺ ቀጭኗ ልጅ ጨዋታም አትጫወት።

ረዳቷ፦ ግቡን እንለያይላቸው። እሱ ከላይ ሲሆን እጁ ሳይገባ ይጀምር፤ ክብደቱን በጉልበቱ ይያዝ፣ ደረቷ ላይ አይጫን። እሷ ከላይ ስትሆን አንድ እጇ ገብቶ ይጀመር።

መምህሩ ወረቀቱ ላይ ጻፉት። ከሥሩ የራሳቸውን አንድ መስመር ጨመሩበት፤ ሐሙስ ሲመጡ ምንም ሳይነገራቸው በቀጥታ ከማውንት ይጀምሩ፤ ስንቱ ያንቅ እንደሆነ እናያለን።